ትውከትና ተቅማጥ ቤታችን የገባ ሰሞን



ባለፈው ረመዷን አጋማሽ ላይ፣ በአምስት ቀን ውስጥ፣ ቤት ካለነው ሰባት ሰዎች ስድስታችን ታመምን። መጀመሪያ የሁለት ዓመቱ ልጄ፣ ቀጥሎ ባለቤቴ፣ ከዚያ እኔና ትልቋ ልጄ፣ ከዚያ አብሮን የሚኖረው የእህቴ ልጅ፣ በመጨረሻ እናቴ። አባቴ ብቻ ምንም ሳይነካው አለፈ፤ «ፌጦ ስለምበላ ነው» ይላል እስከ ዛሬ። አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ተነስተናል። የእናቴ ነገር ግን ሌሊት ሆስፒታል እስከ መሄድ አድርሶናል፤ ይህን የምጽፈውም ከሁሉ በላይ በእሷ ምክንያት ነው። በየቤቱ የእናቴ ዓይነት እናት እንዳለች ስለማውቅ።

በአማርኛ ለዚህ በሽታ አንድ የተቆረጠ ስም የለንም። «ሆዴ ተረበሸ» እንላለን፣ «ተቅማጥ ያዘኝ» እንላለን፣ ደሴ ውስጥ ደግሞ ጥፋቱ ሁሉ የብርዱ ነው፤ ከጦሳ የወረደ ብርድ ሆዱን መታው ይባላል። ሽማግሌዎቹ ምች ነው ይላሉ። አሜሪካ ያለችው እህቴ በስልክ ስትሰማ «ስቶማክ ፍሉ ነው፣ እዚህም ብርዱ ሲመጣ በየትምህርት ቤቱ ይዞራል» አለችን። እናቴ ይህን ሰምታ «ጉንፋን ሆድ ውስጥ ይገባል እንዴ?» ብላ ሳቀች። ጥያቄዋ ትክክል ነው። ጉንፋንም ኢንፍሉዌንዛም የመተንፈሻ አካል በሽታዎች ናቸው። ይኼኛው የጨጓራና የአንጀት በሽታ ነው፤ ሐኪሞች ጋስትሮኢንተራይተስ ይሉታል፤ ከእውነተኛው ፍሉ ጋር በስም እንጂ በዘር አይገናኝም። የፍሉ ክትባትም ለዚህ አይሠራም።

ብዙውን ጊዜ የሚያመጡት ቫይረሶች ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ሁለቱን ማወቅ ይጠቅማል። አንዱ ሮታ ቫይረስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ውስጥ ሩት ቢሾፕና ባልደረቦቿ በታመሙ ሕፃናት አንጀት ውስጥ ያገኙት፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ መንኮራኩር ስለሚመስል በላቲን «ሮታ» የተባለ። ሕፃናትን ክፉኛ የሚጥለው እሱ ነው። አገራችን ክትባቱን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕፃናት በአፍ በሚሰጥ ጠብታ ትሰጣለች፤ ልጄም በጊዜው ወስዷል። ሌላው ኖሮ ቫይረስ ነው። ስሙ የመጣው አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ካለች ኖርዎክ ከምትባል ከተማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተማሪውም አስተማሪውም በጅምላ ታመሙ፣ ቫይረሱ በ1972 ከዚያ ከተወሰደ ናሙና ታየ። ይህኛው ሕፃን አዋቂ አይመርጥም፤ ቤተሰብን በሙሉ በተራ በተራ የሚጥለው በአብዛኛው እሱ ነው። ለእሱ በየጤና ጣቢያው የሚሰጥ ክትባት የለም።

እኛን የያዘን የትኛው እንደሆነ በላቦራቶሪ አልተረጋገጠም። ሐኪም የሆነ ጓደኛዬ ግን ከአካሄዱ ኖሮ ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም አለኝ። ምክንያቱም ቫይረሱ ከገባ በኋላ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ይነሳል፤ ድንገት ያስመልሳል፣ ውሃ የሆነ ተቅማጥ ይከተላል፣ ቁርጠት፣ ራስ ምታት፣ ትንሽ ትኩሳት፣ ከዚያ ጤነኛ ሰው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ይሻለዋል። ትንሹ ልጄ ከተራዊሕ በኋላ ምንጣፍ ላይ አስመለሰ፤ ያጸዳችው ባለቤቴ ናት። እሷ በማግሥቱ ሌሊት፣ ለሱሑር ስትነሳ ወደቀች። እኔና ትልቋ ልጄ ከእሷ አንድ ቀን ዘግይተን። ሰዓቱን ስትቆጥረው ልክ እንደ ሰንሰለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ባለቤቴን መጀመሪያ የወሰድናት ሰፈራችን አጠገብ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ነበር። ደም ተወሰደ፣ በግማሽ ሰዓት «ታይፎይድ ነው፣ አሜባም አለ» ተባለ፣ መርፌና ሁለት ዓይነት ኪኒን ታዘዘ። እኛ አገር ሆዱን ያመመው ሰው ከታይፎይድ ወይም ከአሜባ ውጭ ሌላ ስም ይዞ ከክሊኒክ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። ያ ፈጣኑ የታይፎይድ ምርመራ (ዊዳል የሚባለው) ድሮ ታይፎይድ ያመመውን ወይም በሌላ ኢንፌክሽን የታመመውንም «አለብህ» ሊል እንደሚችል ጓደኛዬ አስረዳኝ። ደግሞስ የሁለት ዓመት ልጅ፣ እናት፣ አባት በሦስት ቀን ውስጥ በተራ ሲታመሙ ታይፎይድ እንዲህ ይዞራል ወይ? አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይገድልም። እንዲያውም ተቅማጡን ሊያባብሰው ይችላል። ኪኒኖቹን አልገዛንም። ባለቤቴ በሁለተኛው ቀን ማታ አጥሚት ጠጥታ ተቀመጠች። ነገር ግን እንዳትሳሳቱብኝ፤ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ለቀናት የማይወርድ ከፍተኛ ትኩሳት ያለው ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እሱ በትክክል መመርመር አለበት፤ መድኃኒትም ሊያስፈልገው ይችላል። የሩዝ ውሃ የመሰለ፣ እንደ ቧንቧ የሚወርድ ተቅማጥ ደግሞ ኮሌራ ሊሆን ስለሚችል ሰዓት እንኳ አይሰጥም፤ ወዲያው ጤና ተቋም ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህ በሽታ ሰው የሚገድለው በቫይረሱ ኃይል ሳይሆን ውሃና ጨው ከሰውነት በማስወጣት ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ የወጣውን መመለስ ነው፤ እሱም ብዙ ሰው «ለምለም» ብሎ የሚያውቀው ኦአርኤስ ነው። ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። እኔ አሠራሩን ካወቅኩ በኋላ በአክብሮት ነው የማየው።

የቀጭኑ አንጀታችን ግድግዳ ላይ ጨውና ግሉኮስን አንድ ላይ የሚያስገባ በር አለ። ግሉኮሱ ጨውን ይዞ ይገባል፣ ሁለቱን ተከትሎ ውሃ ይገባል። አንጀቱ ተጎድቶ ውሃ እያፈሰሰ ባለበት ሰዓት እንኳ ይህ በር መሥራቱን አያቆምም። ባዶ ውሃ ብቻ ብትጠጣ የሚያስገባው አጋዥ ያንሰዋል፤ የወጣውን ጨውም አይተካም። ይህ እውቀት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዳካና ካልካታ ላይ በሕሙማን ተፈተነ። በ1971 የባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ሕንድ ድንበር ላይ ቦንጋኦን በሚባል ቦታ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ኮሌራ ገባ፤ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባል ሐኪም ጨውና ግሉኮስ በውሃ አስበጥብጦ፣ ቤተሰብ ራሱ በኩባያ እንዲያጠጣ አደረገ። ከታመሙት 30 በመቶ ያህሉ ይሞቱ የነበረበት ቦታ ይህን በጠጡት ላይ ሞት ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። ኪሳችን ውስጥ ባለ ሳንቲም የሚገዛው ፓኮ ታሪኩ ይኼ ነው።

አሁን ያለው ቀመር በአንድ ሊትር 13.5 ግራም ግሉኮስና 2.6 ግራም ጨው አለው፤ ፖታሲየምና ሲትሬትም ተጨምሮበታል። ይህን ቁጥር ያነሳሁት በምክንያት ነው። ልጅ ሲያስመልስ ሱቅ ሮጠን የምናመጣው ስፕራይት፣ ሚሪንዳ፣ ኮካ ነው። አንድ ሊትር ኮካ ውስጥ ከ100 ግራም በላይ ስኳር አለ፤ ጨው ግን የለውም ማለት ይቻላል። ያ ሁሉ ስኳር አንጀት ውስጥ ሲደርስ ውሃ ከሰውነት ወደ አንጀት ይስባል፣ ተቅማጡን ይጨምራል። የታሸገ ጁስም እንደዚያው ነው።

አበጣጠሩም ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዱ ፓኮ ለአንድ ሊትር ከሆነ (ፓኮው ላይ ተጽፏል) ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ሞልታችሁ ሙሉውን ፓኮ ጨምሩ። ለልጅ ነው ብሎ ግማሹን በብርጭቆ መበጥበጥ፣ ወይም «እንዲጠነክር» ውሃ መቀነስ አደገኛ ነው። ውሃው ንጹሕ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋ። ፓኮ በሌለበት ሌሊት በአንድ ሊትር ውሃ ስድስት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ጨው ያደርሳል፤ ጨው ከዚህ እንዳያልፍ።

ልጄ መጀመሪያ የሰጠነውን ሁሉ ይመልሰው ነበር። ጓደኛዬ ያለን እንዲህ ነው፦ ካስመለሰ በኋላ አሥር ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ በሻይ ማንኪያ፣ በየአንድ ሁለት ደቂቃው አንድ ማንኪያ። አሰልቺ ነው። ባለቤቴ ታማ ስለተኛች ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት እስከ ሱሑር ድረስ ማንኪያ ይዤ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ላለ ልጅ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል። ዚንክ የሚባለውም ኪኒን በቀን 20 ሚሊ ግራም (ከስድስት ወር በታች ለሆነ 10) ለ10 ቀን ተሰጥቶታል፤ ተቅማጡ ቢቆምም እስከ መጨረሻው ይሰጣል። ጡት የሚጠባ ልጅ ጡት አይከለከልም። ምግብም አይከለከልም፤ «አንጀቱ ይረፍ» እየተባለ ልጅ የሚራብበት ልማድ ቢቀር ጥሩ ነው። የተቅማጥ ማቆሚያ ኪኒን ደግሞ ለትንንሽ ልጆች ጭራሽ አይሰጥም።

ሕፃን ልጅ ላይ የሚታዩት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ዓይኑ ጎድጎድ ሲል፣ እያለቀሰ እንባ ሲያጣ፣ እርግብግቢቱ ሲሰረጉድ፣ የሆድ ቆዳው ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ቶሎ ሳይመለስ ሲቀር፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ሽንት ሳይሸና፣ ሲፈዝና መጠጣት ሲያቅተው። እርግብግቢት ወረደ ተብሎ ላንቃ ለማስነሳት የሚወስዱ አሉ። የወረደው ውሃው ነው፤ መሄጃውም ጤና ጣቢያ ነው።

አሁን እናቴ።

እናቴ 68 ዓመቷ ነው። የስኳር ሕመም ካለባት 11 ዓመት ሆኗታል፤ ሜትፎርሚን ትወስዳለች፣ ለግፊት ደግሞ ኢናላፕሪል። በዚያ ቀን ሱሑር በልታ ፆሟን ይዛ ሳለ ጀመራት፤ ለማንም አልተናገረችም። እኛ የተጠራጠርነው ዙህር ላይ ሽንት ቤት ስትመላለስ አይተን ነው። ያን ጊዜ ስምንቴ ሆኗታል። ሁለት ጊዜም አስመልሷታል።

«እማዬ፣ አፍጥሪ» አልኳት።

«ሳይፈልጉት የመጣ ትውከት ፆም አያበላሽም» አለችኝ። ይህን በትክክል ታውቃለች፤ እኔም አልተከራከርኳትም። ሆን ብሎ ያስመለሰ ነው ቀዷ የሚያወጣው፤ ሳይፈልገው የመጣበት ፆሙ አለ።

«እሱስ ልክ ነሽ። ግን የወጣውን ውሃ ከየት ትተኪዋለሽ?»

«ሦስት ሰዓት ቀረ እኮ ልጄ! አራታችሁን አርግዤ እንኳ ፆሜያለሁ።»

ዐሱር ስትሰግድ ከሱጁድ ስትነሳ ግድግዳ ያዘች። ከንፈሯ ደርቋል፣ ከሱሑር ጀምሮ ሽንት አልሸናችም። ለጓደኛዬ ደወልኩ። የነገረኝ ብዙ ቤት የማይታወቅ ስለሆነ በደንብ ልጻፈው። ሰው በተቅማጥና ትውከት ውሃ ሲያጣ እንደ ኢናላፕሪል ያሉ የግፊት መድኃኒቶች፣ ሽንት የሚያሸኑ ኪኒኖችም ጭምር፣ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ፤ ሜትፎርሚንም ያን ጊዜ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የዛሬውን ማታ አትስጧት፣ በደንብ መብላትና መጠጣት ስትጀምር መቼ እንደምትመልሱ እነግራችኋለሁ አለ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ግን በራሱ ማቆም የለበትም፤ ሐኪሙን ጠይቆ መጠኑን ያስተካክላል። ሁሉም የራሱን ሐኪም ይጠይቅ፤ የእናቴን ትእዛዝ ለእናታችሁ አትቅዱ። ፆሟንም አሁኑኑ መፍታት አለባት አለ።

እሷ ግን ከእኔም ከሐኪሙም አትሰማም። የሰፈራችን መስጂድ ኢማም ጋ ደውዬ ስልኩን ድምፅ አወጣሁት። መጀመሪያ የጠየቁኝ «ሐኪሙ ምን አለ?» ብለው ነው። ነገርኳቸው። ከዚያ ወደ እሷ ሆነው «እማማ፣ ለታመመ ሰው ሌላ ቀን እንዲፆም አላህ ራሱ ነው የፈቀደለት። እርስዎ የሚፈሩት ፈቃዱን ከሰጠው በላይ ነው ወይ? ውሃዎን ይጠጡ፣ ሲሻልዎት ከፈለጉ እኔም አብሬዎት እፆማለሁ» አሏት። ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ «አምጡልኝ» አለች። ብርጭቆውን ስትይዝ እንባዋ ይወርድ ነበር። እንደ እውነቱ ከሆነ እኔም ፊቴን አዙሬያለሁ።

እስከ መግሪብ ወደ አንድ ሊትር ገደማ ለምለም በጥቂት በጥቂቱ ጠጣች። ስኳር ያለባት ሰው ኦአርኤስ መጠጣት ትችላለች ወይ ለምትሉ፣ ትችላለች፤ ያለው ግሉኮስ ትንሽ ነው፣ ስኳሯን ግን በየጥቂት ሰዓቱ እንለካ ነበር። ቢሆንም ከዒሻ በኋላም ሽንት አልመጣም፣ ስትነሳ ያዞራታል። ወሰድናት። ኩላሊቷ ሲመረመር ክሪያቲኒን 1.9 ነበር፤ ከሁለት ወር በፊት 1.0 የነበረች ሴት ናት። ሪንገር ላክቴት ተሰቀለላት። (እኛ አገር የተሰቀለ ፈሳሽ ሁሉ «ግሉኮስ» ነው የሚባለው፤ አባቴ «ለስኳር በሽተኛ ግሉኮስ!» ብሎ ነርሷን ሊቆጣ ነበር። ስኳር የሌለበት የጨው ፈሳሽ መሆኑን በትዕግሥት አስረዳችው።) ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሸናች። በሁለተኛው ቀን ክሪያቲኒኗ 1.2 ገባ፣ በሦስተኛው ቀን ቤት ነበረች። እዚያ ያየናት ሐኪም የነገረችን ቃል፣ ከመግሪብ በፊት የጠጣችው አንድ ሊትር ባይኖር ይዛችኋት የምትመጡት በሌላ ሁኔታ ነበር የሚል ነው። አራት ቀን ቀዷ ወጣባት፤ በሸዋል ፆመችው።

ስለ ማርና ስለ ጥቁር አዝሙድ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ሆዱን ስለታመመው ሰውና ስለ ማር የመጣውን ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ እኛም አዋቂዎቹ ማር ቀምሰናል። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር አይሰጥም፤ ለትልቅ ሰው የማይጎዳ ጀርም ሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ ሊያመርት ይችላል። አባቴ ፌጦ በሎሚ በጥብጦ ለሁላችንም ሊያጠጣን ዞሮ ነበር። የቆሰለ አንጀት ላይ ፌጦ ያቃጥላል፤ ለልጆቹ አልፈቀድንም። ጥቁር አዝሙዱም ሆነ ሩቂያው ከለምለሙ ጎን ይሁን፤ በለምለሙ ቦታ አይሁን።

የቀረው ጽዳቱ ነው፣ እዚህ ላይ ጠንከር ማለት ያስፈልጋል፤ ይህ ቫይረስ ከ100 በታች በሆነ ቁጥር እንኳ ገብቶ ሰው ያሳምማል። ሳኒታይዘር ብዙም አይገድለውም። ዉዱእ ላይ በቀን አምስቴ እጃችንን እናጥባለን ብለን እንተማመናለን፤ ይህን ቫይረስ የሚያስለቅቀው ግን ሳሙናና በደንብ ማሸት ነው፤ ከሽንት ቤት በኋላ፣ ዳይፐር ከቀየሩ በኋላ፣ ቴምር ከመታደሉ በፊት። ኢፍጣር ላይ ሁላችንም እጃችንን የምንከትበት አንድ የቴምር ሳህን ነበረን፤ በዚያ ሳምንት ለየብቻ አደረግነው። ፎጣም ለየብቻ። ትውከት የነካው ወለል መጀመሪያ በወረቀት ወይም በጨርቅ ይጠረጋል፣ ከዚያ በረኪና፦ 5 በመቶ ክሎሪን ያለው ከሆነ በአንድ ሊትር ውሃ ቢያንስ 20 ሚሊ ሊትር፣ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ሳይጠረግ ይቆይ። ጓንት ከሌለ ፌስታል እጅ ላይ ይጠለቅ፤ መስኮት ይከፈት፤ በረኪና ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቀል። ልብስና አንሶላው በሙቅ ውሃ ይታጠብ።

ደግሞ የተሻለው ሰው ወዲያው ንጹሕ አይሆንም። ቫይረሱ ከዳኑ በኋላም ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በሰገራ ሊወጣ ይችላል። ቢያንስ ምልክቱ ከቆመ በኋላ 48 ሰዓት ለሌላ ሰው ምግብ አለመሥራት፣ ልጅንም ትምህርት ቤት አለመላክ ያስፈልጋል። ባለቤቴ በየዓመቱ ለመስጂዱ ኢፍጣር ሳምቡሳ ከሚጠቀልሉት እህቶች አንዷ ናት፤ በሁለተኛው ቀን ተነስታ ሽንኩርት ልትከትፍ ስትል «ሁለት ቀን ቆዪ» ብለናት በጣም ከፋት። ጎረቤታችን ተክታት ሠራች። በርበሬው ትንሽ በዝቶበት ነበር፤ ግን ማንም አልታመመም።